ሲሊኮን ሲበዛ ሞተር ይገድላል

ፒያሳና አራዳ አካባቢ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ ጋራዥ የገባችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ይቺን አንብቡልኝማ።

ሞተር ወርዶ ሲገጠም «ዘይት እንዳያንጠባጥብ ሲሊኮኑን አብዛው» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ኮፓው ሲጠብቅ የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይወጣል። ውስጥ የቀረው ተላቆ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ከደፈነ ሞተሩ ያለ ዘይት ተፋጭቶ ያልቃል።

የሚበቃው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተቋረጠ መስመር ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹን በውስጥ በኩል አልፎ ይሄዳል። ፊቱ ግን መጀመሪያ ከአሮጌ ማጣበቂያና ከዘይት በደንብ መጽዳት አለበት። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ላይ ደግሞ የመኪናው ማንዋል ካላዘዘ በቀር ሲሊኮን አይቀባም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የመስኮት ሲሊኮንማ ሞተር አጠገብ አይድረስ።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። «ዛሬውኑ አስነሳልኝ» ብሎ መካኒኩን የሚያጣድፍ ባለታክሲ የአንድ ቀን ገቢ አተርፋለሁ ብሎ በሞተሩ እየቆመረ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ደንበኛው ቢቆጣም «ጋሼ፣ ነገ ይምጡ» በሉት። ነገ ያመሰግናችኋል።