እኩል የተቈጠሩበት ቀን

መስቀል ፍላወር ከሚገኘው ቤታችን እሑድ እሑድ የእኅቴ ልጅና የኮሌጅ ባልንጀሮቹ እየመጡ ቡና ይጠጣሉ። ባለፈው እሑድ ከአቦል እስከ በረካ የተከራከሩት ስለ ምርጫ ነበር።

አንደኛው ወጣት «መምረጥ ምን ይረባል?» አለ። ማስረጃውም ቀላል አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ረጅም ሰልፍ ይዞ የከተማውን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ በሙሉ ለተቃዋሚዎች ሰጠ፤ ነገር ግን በውጤቱ ሳቢያ በተነሣው ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ መቀመጫዎች ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ብቻ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ያም አንዱ አልተገኘም። «አባቴ ከ1997 ወዲህ ካርድ አላወጣም፤ እኔስ ለምን አወጣለሁ?» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔም ተግሣጽ ልጀምር ብዬ ነበርና አፌን ያዝሁ።

በዚህ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት አማቴ ተናገሩ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንትና የአገር ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ለሕዝቡ፣ ለሴቶችም ጭምር፣ የመምረጥ መብት ስለ ሰጠ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ያን ጊዜ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ። «እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከአባቴ ጋር ስትሄድ አስታውሳለሁ» አሉ አማቴ፤ «በቤት ነገር ሁሉ ቃሉ የእርሱ ነበር። ያን ቀን ግን እርሱም አንድ፣ እርሷም አንድ። ማን እንዳሸነፈ ነግራኝ አታውቅም፤ ይህን ግን እስክትሞት ታወራው ነበር።»

«እማማ፣ መቈጠሩስ መልካም፤ ተቈጥሮ ካልተከበረ ግን?» አለ ወጣቱ።

መልሱን የሰጠችው ሕግ የምታጠናው ተማሪ ናት። «የ1997ን ነገር ዛሬ አንሥተህ የምትሟገተው ሕዝቡ ወጥቶ ስለ መረጠ ነው። በየቤቱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከተማው ምን እንደ ፈለገ ማን ያውቅ ነበር? 23 ብለህ የምትጠራው ቍጥርም ባልኖረ» አለችው። እኔ ለእርሷ ፈረድሁ፤ የልጁ አባት ሐዘን ግን በዚህ መልስ የሚሽር አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ወደ ሥራው ነገር ዞረ። ለመመዝገብ 18 ዓመት መሙላት ብቻ ሳይሆን በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር እንደሚያስፈልግ ስትነግራቸው፣ በቅርቡ ሰፈር የቀየሩት ሁለቱ ወራቱን በጣታቸው ይቈጥሩ ጀመር። ያም ወጣት ስኒውን እየመለሰ «እማማ፣ እናትዎ ማንን ነበር የመረጡት?» ብሎ ጠየቀ።

አማቴ ሳቁ። «ያንንማ ለአባቴም አልነገረችው» አሉ።