የጠፈር ፉክክርና የኢትዮጵያ ድርሻ፦ ከቃኘው ጣቢያ እስከ እንጦጦ

ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም. የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየት ኅብረቱ ሶዩዝ ከምድር በላይ ተገጣጠሙ፤ የመንኮራኩሮቹ አዛዦች ቶማስ ስታፎርድና አሌክሲ ሌኦኖቭም በመገናኛው በር ላይ ተጨባበጡ። ዓለም ይህን የጠፈር ፉክክሩ መቋጫ አድርጎ ተመለከተው። ፉክክሩ በኢትዮጵያ ግዛት የተከለው ሌላ መሣሪያ ደግሞ በዚያው ዘመን ያለ አንዳች ሥነ ሥርዓት ሥራውን አቆመ።

ነገሩ ወደ ግንቦት 1945 ዓ.ም. ይመልሳል። ኢትዮጵያና አሜሪካ ያኔ በተፈራረሙት ውል ዋሽንግተን በአስመራ የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ ለ25 ዓመታት የመጠቀም መብት ስታገኝ፣ አዲስ አበባ ወታደራዊ ርዳታ አገኘች። ጣቢያው ቃኘው ተባለ። ስሙ ከራስ መኮንን ፈረስ የመጣ ቢሆንም ለሥራው የተመረጠ ይመስላል፤ ተግባሩ መቃኘት ነበርና። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ስቶንሃውስ የሚል ምስጢራዊ መጠሪያ የተሰጠው ክፍል 26 እና 46 ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሁለት ግዙፍ አንቴናዎች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የሚላኩትን የሶቪየት መንኮራኩሮች ምልክት ያዳምጥ ነበር።

ለምን አስመራ? የሶቪየቶች ዋነኛ የሩቅ ጠፈር መገናኛ ጣቢያ በክራይሚያ ይገኝ ነበር፤ መንኮራኩሮቻቸው መልእክት የሚልኩትም ክራይሚያ በዕይታቸው ውስጥ ስትሆን ነው። አስመራ ከክራይሚያ ጋር በተቀራራቢ የኬንትሮስ መስመር ላይ በመሆኗ ለሞስኮ የተላከው ምልክት በዚያው ሰዓት ለእርሷም ይደርሳታል። የተሰበሰበው መረጃ ግን የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ሀብት ነበር። ጆሮው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ተተክሎ፣ የሰማው ሁሉ ባሕር ማዶ ተሻገረ።

በዚያው የፉክክር ዘመን የትብብር ሐሳብም አልጠፋም። ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 በ108 ደቂቃ በረራው አሜሪካን ከቀደመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 20 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቀርበው ሁለቱ ኃያላን ወደ ጨረቃ በጋራ እንዲጓዙ ሐሳብ አቀረቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋሽንግተንን ጎብኝተው በዚያው ጉባኤ ንግግር አደረጉ። በኅዳር ኬኔዲ ተገደሉ፤ ሐሳቡም አብሮ ተቀበረ። የትብብሩን እጅ የዘረጋው በጊዜው ወደ ኋላ የቀረ ይመስል የነበረው ወገን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ዛሬ በሶቪየት ኅብረት ቦታ ቻይና ቆማለች። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሕግ ናሳ ከቤጂንግ ጋር በቀጥታ እንዳይተባበር ሲገድብ፣ ቻይና የራሷን የጠፈር ጣቢያ ገነባች፤ በማደግ ላይ ላሉ አገሮችም በሯን ከፈተች። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታይዩዋን የመጠቀችው በዚህ በር ነው። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪዋ 6 ሚሊዮኑን ቻይና ሸፍናለች። ከቃኘው የሚለያት ግን የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ መሆኑ ነው።

ይህ ለሬኮ ምን ይፈይዳል? በጌዴኦ ተዳፋት ላይ ቡናው ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከአገር በቀል ዛፉ ጥላ ሥር ተደራርቦ ይበቅላል፤ ዩኔስኮ ይህን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ለዚሁ ነው። የሳተላይቷ ምስል አንድ ነጥብ ግን በየጎኑ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ስፋት ውስጥ ቡናው፣ እንሰቱና ዛፉ አንድ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። 10 ሜትር ዝርዝር ያለውን የአውሮፓውን ሴንቲኔል-2 ምስል ደግሞ ማንም በነጻ ያገኛል።

እንግዲህ ለ2 ዓመት አገልግሎት የታቀደችው ሳተላይት ትርፍ የሚለካው ባነሳችው ምስል ብዛት ሳይሆን እርሷን ሲያንቀሳቅሱ በሠለጠኑት ባለሙያዎች ነው። ዲላ ላይ ተቀምጦ ያን አረንጓዴ ነጥብ ከማሳው ጋር እያመሳከረ የሚያነብ ባለሙያ ካልተገኘ፣ መረጃው እንጦጦ መድረሱ ብቻ ለሬኮ ገበሬ ከአስመራው ዘመን ብዙም የተለየ አይሆንለትም።