የሠሪው ስም ያልተጻፈበት መስተዋት

ብዙ ሰው አሮጌ የመስተዋት ዕቃ ባገኘ ጊዜ ገልብጦ በግርጌው የሠሪውን ስም ይፈልጋል፤ ስም ካጣበት እንደ ተራ ነገር ይቈጥረዋል። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ያልተጻፈውን ታላቅ ስም ጠርቶ ዋጋውን ያንራል። ፊተኛው የሠሪውን ክብር ያስቀራል፤ ኋለኛው የገዢውን ገንዘብ ይወስዳል።

ለዚህ ነገር የእንግሊዙ የኋይትፍራያርስ ፋብሪካ ምሳሌ ይሆነናል። ስሙን ያገኘው በለንደን ነጭ ካባ የሚለብሱ መነኮሳት ከኖሩበት ሰፈር ነው። ንድፍ አውጪው ጆፍሪ ባክስተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ወደ ፋብሪካው ገባ፤ በኋላም የዛፍ ልጥ፥ ጡብና የምስማር ራስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ እየደረደረ ገጻቸው ሻካራ የሆኑ የአበባ ማስቀመጫዎችን አስገኘ። እነዚህም በ1967 ለገበያ ወጡ። ነገር ግን ይለጠፍባቸው የነበረው የወረቀት ምልክት ብቻ ነበርና፥ ዕቃው ሲታጠብ ወረቀቱም ስሙም አብረው ጠፉ።

እንግዲህ ዕቃው ራሱ ይመስክር። በመጀመሪያ ወደ ብርሃን ይያዝ፤ በብዙዎቹ ቀለሙ ከውስጥ ሆኖ ከውጭ ጥርት ያለ መስተዋት ለብሶታል። ሁለተኛ ግርጌው ይዳሰስ፤ ሠራተኛው መስተዋቱን የያዘበት የብረት ዘንግ ጠባሳ ተሞርዶ መለስለሱ ይታያል። ሦስተኛ ቅርጹና ቁመቱ ከፋብሪካው ካታሎግ ጋር ይነጻጸር። ለምሳሌ «የሰከረው ግንበኛ» የሚባለው፥ መካከለኛው ጡብ ወደ ጎን የወጣው ትልቁ ማስቀመጫ፥ ቍጥሩ 9673፥ ቁመቱም 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አራተኛ ቀለሙ ይጠየቅ፤ ብርቱካንማው የገባው በ1969 ነውና፥ በዚህ ቀለም የተሠራውን «የ1967 ነው» የሚል ሻጭ ተሳስቷል።

ፋብሪካው በ1980 ቢዘጋም መዛግብቱ ወደ ለንደን ሙዚየም ስለ ገቡ ማመሳከሪያ አልጠፋም። ሆኖም የታወቁት ቅርጾች አስመሳይ ስለ ተሠራባቸው፥ ቅርጽ ብቻውን ምስክር ሆኖ አይበቃም፤ አራቱም ሊስማሙ ይገባል።

ስለዚህ የወረቀት ምልክቱ ያልወደቀ ዕቃ በቤታችሁ ቢኖር፥ ስታጥቡት እንዳትልጡት እንመክራለን። ከማን እንደ ተገኘና መቼ እንደ ተገዛም በወረቀት ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አኑሩላቸው። ማስረጃ ከጠፋም «ሠሪው አልታወቀም» ብሎ መጻፍ፥ የሌላውን ሰው ስም ያለ እውነት ከመለጠፍ ይሻላል።