ታናሹ ምን አለ?

የስለላ መሥሪያ ቤት ሲሳሳት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰበብ «ወሬው አልደረሰንም» የሚል ነው። እኛ ግን ከታሪክ የምናየው ወሬው ደርሶ ሰሚ ማጣቱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ መምሪያ አንድ ጽኑ እምነት ነበረው። ይኸውም ግብፅ ሩቅ የሚመቱ የጦር አውሮፕላኖችና ሚሳይሎች ሳታገኝ ጦርነት አትከፍትም፣ ሶርያም ያለ ግብፅ ብቻዋን አትነሣም የሚል ነበር። የግብፅ ጦር ወደ ስዌዝ ቦይ ሲጠጋ «ልምምድ ነው» ተባለ። በደቡብ ዕዝ የነበረ ሲማን-ቶቭ የተባለ ወጣት መቶ አለቃ ግን ልምምዱ የጦርነት መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ኦክቶበር 1 እና 3 ቀን ጽፎ አቀረበ። አለቃው ወረቀቱን ወደ ላይ አላሳለፈውም። ኦክቶበር 6 ቀን ጦርነቱ ፈነዳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው!

በዳኛ አግራናት የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ1974 የመምሪያው ኃላፊ ጄኔራል ዜይራ ከሥልጣን እንዲነሡ አሳሰበ። ማሻሻያም ተደረገ፤ ሥራው የመምሪያውን ግምት መቃወም የሆነ አንድ ክፍል ተቋቋመ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ደመወዝ እየተከፈለው «የለም፣ ተሳስታችኋል» የሚል ሰው! (ምነው በየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ቢቀጠር!)

ታዲያ ምን ሆነ? ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ያው መምሪያ እንደገና ሳያስበው ተያዘ። ከኦክቶበር 7ቱ ጥቃት ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ አንዲት ዝቅተኛ ማዕረግ ያላት ባልደረባው፣ የሐማስ ልምምድ አስቀድሞ እጃቸው ከገባው የወረራ ዕቅድ ጋር አንድ መሆኑን አስጠንቅቃ ነበር። አንድ ኮሎኔል የምናብ ነገር ነው ብሎ አለፈው። የድንበር ካሜራ የሚጠብቁት ወጣት ሴት ወታደሮችም ያዩትን ቢናገሩ ጆሮ የሰጣቸው አልነበረም። ወደ 1,200 ሰዎች ተገደሉ። ኃላፊው ጄኔራል ሃሊቫ ሥራ መልቀቃቸውን ያስታወቁት በኤፕሪል 2024 ነው።

በእኛ አስተያየት ጉድለቱ የክፍል ማነስ አይደለም። ተቃዋሚ ክፍል በደብዳቤ ይቋቋማል፤ የማዕረግ ክብደት ግን በደብዳቤ አይነሣም። መቶ አለቃ ሲናገር ኮሎኔሉ የሚያየው ትከሻው ላይ ያለውን ኮከብ ነው እንጂ ቃሉን መች ይሰማና!

አገራችን ይህን ዱሮ ታውቀው ነበር። በዙፋን ችሎት አስተያየት መስጠት የሚጀምረው ከታናሹ ሹም ነበር። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረማ ታናሹ ምን ይላል? እኛስ ዘንድ? የማስተማር ልምምድ ሲገመገም መጀመሪያ የሚናገሩት መምህሩ ናቸው፤ ከዚያ ሁላችንም «እኔም እንደተባለው ነው» ብለን እንቀመጣለን። ከሚመጣው ግምገማ ጀምሮ ንግግሩ ከእጩ መምህራን፣ ያውም ከአንደኛ ዓመቶቹ፣ እንዲጀመር እንጠይቃለን። መምህራኖቻችን መጨረሻ ላይ ይናገሩ።