የመርሴዲስ ቴስቲናና የጠቦት ዋጋ

የመኪና ገበያ እንዴት ሰነበተ? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በአሁኑ ጊዜ መልሱ አጭር ነው። አሮጌው ወጣት ሆኗል። ከአርባ ዓመት በፊት ከፋብሪካ የወጣች፣ ባለቤቷ አብሯት ያረጀ መኪና፣ ዛሬ ደላላ በስልክ የሚሻማባት ዕቃ ሆናለች። ምክንያቱን ነጋዴው አንባቢያችን ከዚህ ጸሐፊ በተሻለ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢል የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ተርታ ገባ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

እንግዲህ አዲሱ ሲርቅ አሮጌው መጠገን አለበት። ጥያቄው ማን ይጠግነዋል? በምን ዕቃ? ለሚቀጥለው ብልሽትስ ማን ይጠየቃል? የሚለው ነው። ይህ ጸሐፊ ትምህርቱን ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የዘመሮ ግቢ ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያው ይጀምራል።

አጎቴ መርካቶ ውስጥ ይነግዳሉ። ትውልዳቸው መንዝ ነው፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከዘመሮ። መኪናቸው መርሴዲስ 240 ዲ ናት፤ ፋብሪካው ደብሊው 123 እያለ ከሚጠራው ቤተሰብ። ይህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። በጊዜዋ የክብር መኪና ነበረች። ዛሬም ባለቤቷ ከሩቅ ሲመጣ ዘበኛው በሩን ቀድሞ ይከፍታል።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ያለው መካኒካቸው፣ የፊት እግሯ የታችኞቹ ቴስቲናዎች አልቀዋል አላቸው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቴስቲና ማለት የጎማውን አንገት ከታችኛው ክንድ፣ ማለትም ከብራቾው ጋር የሚያገናኘው የኳስ መጋጠሚያ ነው። በዚህች መኪና ሞላው የሚቀመጠው በታችኛው ክንድ ላይ ስለሆነ፣ የፊቱን ክብደት ተሸክሞ የሚውለው የታችኛው ቴስቲና ነው። ዕቃ ልንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩ ሁለት ካርቶን አወጣ። አንዱ ውድ፣ ሌላው ርካሽ። በሁለቱም ላይ የታወቀ ስም ተለጥፏል። «ሁለቱም አንድ ነው፤ የካርቶን ልዩነት ነው» አለ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል አንተ ኢኮኖሚስት፣ የቱን ልውሰድ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ አርባ ዓመት ሆኗታል። የዕድሜ ልክ ዕቃ ምን ያደርግላታል? ርካሹን ይውሰዱ» አልኳቸው። የዋጋው ልዩነት በመንዝ ልኬት አንድ ጠቦት ቢገዛ ነው። መካሪው እኔ ነበርኩ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ።

በገና ሰሞን ወደ አገር ቤት ተጓዝን። ከደብረ ብርሃን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትተን ወደ መንዝ ስንታጠፍ፣ ከፊት በግራ በኩል በየጉድጓዱ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ። ዘመሮ ስንደርስ መሪው ወደ ግራ ይስብ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ አይሱዙ የሚጠግን አንድ የከተማው መካኒክ ተጠራ። መኪናዋን በክሪክ አነሳና፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ጎማው እንደ ወተት ጥርስ ተወዛወዘ። የቴስቲናው የጎማ ከረጢት ተቀድዶ፣ ግራሶው አልቆ፣ አፈር ገብቶበታል። ዕድሜው ሦስት ወር ነው።

አጎቴ የመርካቶ ሰው ናቸውና ጊዜ አሰቡ። «ቀስ ብዬ እስከ ደብረ ብርሃን ልነዳት?» ሲሉ ጠየቁ። መካኒኩ በጨርቅ እጁን እየጠረገ፣ «አንቱ፣ ፍሬን ቢሆን በማርሽ ይያዛል። ይህ ከወለቀ ግን ጎማው ይተኛል፤ መሪም ፍሬንም አይረዳዎትም። ከእኔ ጋር ካሉ አትነሳም» አላቸው። አልተነሳችም። የዚያን አገር ገደል ያየ ሰው ውሳኔውን ይረዳል።

ሥራው የተሠራው በአጎቴ ወንድም ግቢ ውስጥ ነው። ውዱ ካርቶን በስልክ ታዝዞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣ። ዘመሮ ያልነበረው የሞላ መጭመቂያ ከደብረ ብርሃን በውሰት መጣ። ሁለት ቀን ጠበቅን። መካኒኩ በመጀመሪያ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደገፈ። መኪናዋን ያስቀመጣት በክሪክ ላይ ሳይሆን በወፍራም ግንድ ላይ ነው፤ ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም ይላል። የብራቾውን ብሎኖች ከመፍታቱ በፊት በመሮ ምልክት አደረገባቸው። እነዚህ ብሎኖች የጎማውን ዘንበልታ የሚያስተካክሉ ስለሆኑ፣ ያለ ምልክት የፈታ ሰው ጎማውን የት እንደነበረ አያገኘውም።

ቀጥሎ መጣ ሞላው። መኪናዋ ወደ 1,400 ኪሎ ትመዝናለች። ዝም ብላ ቆማ እንኳ እያንዳንዱ የፊት ሞላ ከ300 ኪሎ በላይ ኃይል ታምቆበታል። ሳይጨመቅና ሳይታሰር ብራቾውን የፈታ ሰው፣ ያ ኃይል ደረቱ ላይ ይፈታበታል። መካኒኩ በመጭመቂያው ላይ ሰንሰለት ጨመረና ልጆቹን ሁሉ ከግቢው አስወጣ። አሮጌው ቴስቲና በሞርሳና በቧንቧ ቁራጭ ተገፍቶ ወጣ፤ አዲሱም በዚያው ገባ። ግራው ተሠርቶ ቀኙ አልተተወም። የብራቾው የጎማ ቡሾች ብሎን የመጨረሻውን ጥብቀት ያገኘው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ከረገጠች በኋላ ነው። በአየር ላይ የጠበቀ ቡሽ መኪናዋ ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቀራልና ቶሎ ይቀደዳል። በመጨረሻ በሲባጎ የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከለና፣ «ይህ እስከ ደብረ ብርሃን ያደርሳል እንጂ አላይመንት አይባልም» ብሎ አስጠነቀቀን።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። በርካሹ ዕቃ አንድ ጠቦት አተረፍን። ለሁለተኛው ዕቃ፣ ለሁለተኛው የእጅ ዋጋ፣ ለመጭመቂያው ማመላለሻና ለተበላው ጎማ ያወጣነው ግን አራት ሙክት ይገዛ ነበር። የአጎቴ ሱቅ የተዘጋባቸው ቀናት በዚህ ውስጥ የሉም። ገደሉም በሂሳቡ ውስጥ የለም። እኔ «መኪናዋ አሮጌ ናት» ብዬ ስመክር የመኪናዋን ዕድሜ እንጂ የተሳፋሪውን ዕድሜ አላሰብኩም።

አንዳንዱ አንባቢ፣ ይህ የአንድ አጭበርባሪ ሻጭ ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ሱቁን መቀየር። ነገሩ ግን ከዚያ ይከብዳል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጩ የዕቃውን ጥራት እያወቀ ገዢው የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ አማካይ ዋጋ የደህና ዕቃ ባለቤት ይከስራል፣ የመጥፎው ባለቤት ያተርፋል። ደህናው ከገበያው ይወጣል፤ አማካዩ ጥራት ደግሞ ይወርዳል። ሊቁ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

በእኛ መለዋወጫ ገበያ የሆነው ይህ አይደለምን? ትክክለኛውን ቴስቲና የሚያስመጣው ነጋዴ ዶላሩን በውድ ይገዛል፣ ቀረጡን ይከፍላል። ካርቶኑን ብቻ ያሳተመው ግን ከጎኑ ቆሞ «ሁለቱም አንድ ነው» ይላል። ገዢው ቴስቲናን ከፍቶ ማየት አይችልም፤ የሚያውቀው ሲወልቅ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ዕቃ የሚመርጠው ሰው ቁጠባ ብቻ አይደለም የሚመራው። «አሮጌ እውነተኛ ከአዲስ ውሸተኛ ይሻላል» የሚል ስሌት አለው። ስሌቱ ለብረት ሊሠራ ይችላል። ጎማና ግራሶ ያለበት ዕቃ ግን በመቀመጥም ያረጃልና፣ ለቴስቲናና ለቡሽ አይመከርም።

ለመሆኑ ባለ መኪናው ራሱ በቤቱ መጠገኑ ይጠቅመዋል? አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 እንደጻፈው የሥራ ክፍፍል በገበያው ስፋት ይወሰናል። አዲስ አበባ የአላይመንት፣ የሞላና የፍሬን ባለሙያ ለየብቻ ልታኖር ትችላለች። ዘመሮ ውስጥ አንድ ሰው ሁሉንም ይሆናል፤ ስለዚህም የሁሉንም ነገር መጠንቀቅ ይማራል። የከተማ ሰው ግን ሥራውን ለሁለት ቢከፍል ይበጀዋል። ጎማውን አንስቶ መነቅነቅ፣ የከረጢቱን መቀደድ ማየት፣ የጎማው አበላል ወደ አንድ ጎን ማድላቱን መከታተል፣ የወጣውንና የገባውን ዕቃ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማነጻጸር የባለቤቱ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ሞላ መፍታትና አላይመንት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። በዩቲዩብ አይቶ ሞላ ለመፍታት የተነሳ ወዳጅ ያለው ሰው የዘመሮውን ሰንሰለት ይንገረው።

ደላሎችም ድርሻ አላችሁ። የአሮጌ መኪና ዋጋ ስትጠሩ ቀለሙንና ሞተሩን ታሞግሳላችሁ። የዓመቱ ቦሎ አለ ትላላችሁ። ቦሎ ግን በምርመራው ቀን የነበረውን ሁኔታ ይናገራል እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ስለተገጠመው ቴስቲና አይመሰክርም። መኪናዋን በገዢው ፊት አንስታችሁ የፊት እግሯን ብታሳዩ፣ ያሳያችኋት መኪና ካላሳያችኋት የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። ገዢ የሚቀንሰው ያላየውን ፈርቶ ነውና።

ነጋዴዎችስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ለሸሚዝ 15 ቀን ይበቃል። ቴስቲና ግን የሚከዳው በሦስተኛው ወር ነው። ስለዚህ ሕግ የሰጠው ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ደህና ዕቃ የያዘ አስመጪ በደረሰኙ ላይ «ለስድስት ወር ዋስ ነኝ» ብሎ ማኅተሙን ቢያሳርፍ፣ የካርቶን አሳታሚው ሊከተለው አይችልም። ውሸታም ዋስትና ቢሰጥ በስድስት ወር ውስጥ ሱቁ ባዶ ይሆናልና። ዋስትና ራሱ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ገንዘቡን የት እንደሚያውል ለሚያሰላስል ባለሀብትም ይህ ክፍት ቦታ ነው። ዕቃውንም ገጣሚውንም በአንድ ደረሰኝ አቅርቦ ለሁለቱም የሚጠየቅ ጋራዥ፣ ከዋጋው በላይ እምነትን ይሸጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ይህ ሁሉ ይቀራል የሚሉም አሉ። አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም እንጂ ቴስቲናና ቡሽ አለው። በባትሪው ምክንያት ከአቻው የቤንዚን መኪና የሚከብድ በመሆኑም የፊት እግሩ የሚሸከመው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዛሬ ያላጸዳነውን የመለዋወጫ ገበያ ነገ የሚወርሱት እነዚያው ናቸው።

አጎቴ ደብረ ብርሃን ላይ አላይመንት አሠርተው በሰላም አዲስ አበባ ገቡ። የወለቀውን የሦስት ወር ቴስቲና ሱቃቸው ውስጥ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠውታል። ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ደንበኛ፣ «የወንድሜ ልጅ ያተረፈልኝ ጠቦት ነው» ይላሉ። እኔም በመጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። የገዢ ወገን ሆይ፣ ካርቶኑን ሳይሆን ዋሱን ጠይቅ።

ቸር እንሰንብት።