የግብርና ኮሌጅ የወዳቂዎች መጠለያ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን በየገጠር ቀበሌው የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእገሌ ልጅ አለፈ ወይስ ወደቀ?» ያለፈው ሻንጣውን ሸክፎ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ያላለፈው ጥቂት ሳምንታት ቤት ተቀምጦ ከከረመ በኋላ «እንግዲህ ግብርና ኮሌጅም ቢሆን ግባ» ይባላል። ይቺ «ም ቢሆን» የምትባል ነገር ብዙ ትናገራለች። ኑሮው በእርሻ ላይ የቆመ ቤተሰብ ለእርሻ ትምህርት የሚሰጠው ቦታ የመጨረሻውን ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረና 50 በመቶ ማምጣት የመግቢያ ነጥብ ከሆነ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ካስፈተኑት ተማሪዎች ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። መሻሻሉ በጎ ነው። በማካካሻ (ሪሜዲያል) ፕሮግራም ገብተው ሁለተኛ ዕድል የሚያገኙም አሉ። ሆኖም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በየዓመቱ በቀጥታ አያልፉም። አርሶ አደር ዝናቡ እንደሚያጥር እያወቀ ማሳውን በሙሉ ዘግይቶ በሚደርስ ዘር አይሸፍንም። ለልጁ ትምህርት ሲሆን ግን ይህን የሚያደርገው ብዙ ነው፤ ያደረገውም ሌላ መንገድ የሚነግረው ስላጣ ነው።

የ«ወዳቂ» ስም ከየት መጣ ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። የ10ኛ ክፍል ፈተና እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ መለያ ወንፊት ነበር። ጥሩ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ ሲሄድ የቀረው ወደ ሙያ ይላክ ነበር። በ1990ዎቹ በመላ አገሪቱ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው ለየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሲያሠለጥኑም ሠልጣኙ የሚመጣው ከዚያው ወንፊት ሥር ነበር። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በ1940ዎቹ በኋላ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። የእርሻ ሙያና ከፍተኛ ትምህርት በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩ።

አርሶ አደሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን መስማት ግን ይሻላል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ በቅርብ ያውቀዋል። ደመወዙ አነስተኛ፣ ማደሪያው የተጎሳቆለ፣ የሚጓዘው በእግሩ መሆኑን ያያል። በዘር ወቅት ማሳ ላይ ሊያገኘው ሲፈልግ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሲመጣም የማዳበሪያ ዕዳ ሊያስከፍል ወይም የመዋጮ ስም ሊመዘግብ ነው። እንዲህ ያለውን ኑሮ ያየ አባት «ልጄም እንደዚህ ይሁን» ብሎ ባይመኝ አይፈረድበትም። የወረዳ አመራሩ ስለ ሙያ ትምህርት ጠቀሜታ በመድረክ ከመናገሩ በፊት በእጁ ያሉትን ባለሙያዎች ከዕዳ ሰብሳቢነት ቢያወጣቸው ከንግግሩ ይልቅ ይህ ይሰማል። በነገራችን ላይ «የገጠር ልጅ ሙያ ይማር» ከሚሉት ኃላፊዎች ስንቶቹ የራሳቸውን ልጅ ግብርና ኮሌጅ እንዳስገቡ ቢጠየቁ መልሱ ባያስደንቅም ይሉኝታ ሳያስይዝ አይቀርም።

ሙያው ራሱ ግን የሚናቅ አይደለም። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ማታ፣ ማታ የፈለገች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ካልተዳቀለች ወቅቱ ያልፋል፤ የገበሬው ወተትና ጥጃም ይዘገያል። ይህን የሚያድነው በሰዓቱ የሚደርስና እጁ የሠለጠነ አዳቃይ ነው፤ ንድፈ ሐሳብ ብቻ የተማረ ባለዲግሪ አያደርገውም። በፎገራ ሜዳ ሩዝ በጥቂት አሥርት ዓመታት ዋና ሰብል ሲሆን መውቂያውን፣ መፈልፈያውን፣ ዘር ብዜቱን የሚያውቅ ሰው ተፈልጓል። ስንዴ በክላስተር በሚዘራባቸው ወረዳዎችም ኮምባይነር ሲመጣ አሽከርካሪውም ጠጋኙም ብዙ ጊዜ ከሌላ አካባቢ አብሮ ይመጣል። የሙያ ሥልጠና 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የተወሰነውም ለዚህ ነው። የሠርቶ ማሳያ መሬት፣ ከብትና ትራክተር በሌለው ኮሌጅ 70 በመቶው ወረቀት ላይ እንደሚቀር ግን ማንም ያውቃል።

በሙያ የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቀረበት ማለትም አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሁን ሐረማያ የሚባለው የያኔው ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በአርሶ አደሩ ዘንድ በሚታወቀው የሳሳካዋ ድጋፍ፣ ዲፕሎማ ይዘው በመስክ ያገለገሉ የግብርና ባለሙያዎችን በዲግሪ መርሐ ግብር መቀበል ጀመረ። ተማሪዎቹ የትምህርታቸውን ከፊል ጊዜ ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው ከገበሬው ጋር የተግባር ፕሮጀክት ይሠሩ ነበር። አሠራሩ በኋላ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ደርሷል። ዋግ የመታውን ስንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ዋግ ሲማር የሚጠይቀው ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ ካነበበው ይለያል። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ከሚገባው ዘግይቶ ይመረቃል፤ ሥራውን አውቆ ስለሚመረቅ ግን መዘግየቱ ኪሳራ አይደለም።

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ያለ እንቅፋት ነው ማለት አይደለም። ትልቁ እንቅፋት የብቃት ማረጋገጫ ምዘናው ነው፤ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው። ሥልጠናውን ጨርሶ ምዘናውን ያላለፈ ወይም ያልተመዘነ ወጣት ለቅጥር ሲሄድ ማስረጃው ይጎድለዋል፤ ትምህርቱን ልቀጥል ሲልም ያው ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ወላጅ በሬ ሸጦ ልጁን ከተማ ወዳለ ኮሌጅ ከመላኩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አለ። ኮሌጁ በዚያ የሙያ ዘርፍና በዚያ ደረጃ ዕውቅና አለው ወይ? ሠልጣኞቹን ለምዘና ያቀርባል ወይ? ካቀረባቸውስ ስንቱ አለፈ? ሙያው በኋላ ሊማር ከሚፈልገው የዲግሪ ዘርፍ ጋር ይዛመዳል ወይ? እነዚህን ለማጣራት ገበሬው ከተማ ለከተማ መንከራተት የለበትም፤ የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት መልሱን አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት መነሳቱ ተገቢ ነው። የሙያ መንገድ ይከበር ማለት የገበሬ ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን አይሞክር ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 የሚበልጡት አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መምህር፣ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ የሌለውን ትምህርት ቤት ሳያስተካክሉ ልጆቹን በሙሉ ወደ ሙያ መግፋት፣ ጉድለቱን በልጆቹ ላይ መጫን ይሆናል። ልጁ ከሁለቱ አንዱን መረጠ የሚባለው ሁለቱም በሮች በእርግጥ የሚከፈቱ ሲሆኑ ነው።

ወረዳው ብዙ በጀት ሳይጠይቅ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጊዜ ነው። የኮሌጆቹ ምዝገባ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ተማሪው ውጤቱን አይቶ አንገቱን ከደፋ በኋላ ነው። ስለ ሙያዎቹ፣ ስለ ደረጃዎቹና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚወስደው መንገድ መነገር ያለበት ልጁ 10ኛ ክፍል ሳለ፣ ወላጆቹም በተገኙበት ነው። ተናጋሪውም ኃላፊ ባይሆን ይመረጣል፤ ከዚያው ቀበሌ ወጥቶ በሙያው የሚሠራ አዳቃይ ወይም መካኒክ ይበቃል።

ሁለተኛው የትምህርት ዕድል ነው። የቀበሌ ባለሙያዎች ለዲግሪ ሲላኩ ማን፣ በምን መስፈርት ተመረጠ የሚለው በብዙ ቦታ ግልጽ ስላልሆነ ሐሜቱ ከዕድሉ ቀድሞ ይደርሳል። ስንት ዓመት ያገለገለ፣ በየትኛው የሙያ ዘርፍ፣ በምን የሥራ ውጤት ተመረጠ የሚለው ዝርዝር በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከነነጥቡ ይለጠፍ። ሳይመረጥ የቀረው ባለሙያም በስንት ነጥብ እንደቀረ አይቶ ለከርሞ ይዘጋጅ።