በራዲዮ የማይሰማው ስፖርት፦ የዳካር ኦሊምፒክና የወለጋ ጀማሪዎች

በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያ የሚሆነው የኦሊምፒክ ውድድር ከጥቅምት 21 እስከ ኅዳር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. በሴኔጋል እንዲካሄድ ቀጠሮ ተይዞለታል። ዳካር፣ ዲያምኒያዲዮና ሳሊ የሚያስተናግዱት ይህ የወጣቶች ኦሊምፒክ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. ለ2022 የታቀደ ቢሆንም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አራት ዓመት ተገፍቷል። ከውድድሮቹ መካከል ለኢትዮጵያ ተመልካች እንግዳ የሆነው ፌንሲንግ፣ ማለትም የሻሞላ ግጥሚያ፣ ይገኝበታል።

የነቀምቴ፣ የጊምቢ ወይም የደምቢ ዶሎ ነዋሪ “ይህ እኔን ምን ያገባኛል?” ቢል አይፈረድበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ተሳትፎዋን ከጀመረች ወዲህ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው። ሆኖም ጉዳዩ ከሜዳሊያ ቆጠራ ይልፋል። ጀማሪ ስፖርተኛ የሚፈጠረው ከምን እንደሆነ ያሳያልና።

ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ፣ አርሲ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ድሉን በራዲዮ ሰምቶ ነበር። ያ ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ራሱ ወሰደ። ሩጫ ለራዲዮ የተመቸ ነው። ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደቀረ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል መቼ እንደተደወለ የሚናገር ድምፅ ከተገኘ የገጠር ልጅ ቀሪውን በእግሩ ይሞላዋል። በሻሞላ ግጥሚያ ግን ይህ አይሆንም። አንድ ንክኪ የሚፈጸመው ዓይን ተርገብግቦ እስኪከፈት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ በአዳራሹ የተቀመጠ ተመልካች እንኳ የሚያውቀው መብራት ሲበራ ነው።

ግጥሚያው የሚካሄደው 14 ሜትር ርዝመትና ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ስፋት ባለው መስመር ላይ ነው። መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው። በፎይል የሚቆጠረው ደረትን፣ ሆድንና ጀርባን በጫፍ መንካት ብቻ ሲሆን፣ በኤፔ መላው አካል ዒላማ ይሆናል፤ በሳብር ደግሞ ከወገብ በላይ በስለቱም መምታት ይፈቀዳል። በኤፔ ሁለቱም እኩል ቢነካኩ ለሁለቱም ነጥብ ይሰጣል። በፎይልና በሳብር ግን ዳኛው ማጥቃቱን የጀመረው ማን ነው ብሎ ይወስናል። ጀማሪ ተመልካች ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት መብራት በርቶ ነጥቡ ለአንዱ ብቻ ሲሰጥ ዳኛው ያዳላ ይመስለዋል።

የፈረስ ጉግስ ያየ ሽማግሌ ይህን ሕግ ከከተማ ወጣት ይልቅ ፈጥኖ ሊረዳው ይችላል። በጉግስ አንዱ ወገን ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፤ ሌላው ጀርባውን በጋሻ ሸፍኖ ይሸሻል፤ ከዚያም ተራው ይዞራል። የማጥቃት ተራ ያለው ማን እንደሆነ ፈረሰኛውም ተመልካቹም ያውቃሉ። የፎይል ዳኛ የሚመዝነውም በመሠረቱ ይህንኑ ተራ ነው።

ስፖርቱን ገና የጀመረ ሰው ታላቅ ውድድር ሲመለከት መጀመሪያ ዓይኑ ሻሞላው ላይ ይተከላል፤ ምንም ሳያይም ግጥሚያው ያልቃል። ትምህርቱ ያለው ከእግር ላይ ነው፦ ተጋጣሚው ስንት ጊዜ ወደፊት ስንት ጊዜ ወደኋላ እንደተራመደ፣ ርቀቱን ማን እንደወሰነ። ከፍጻሜው ይልቅ እስከ አምስት ንክኪ የሚደረጉት የምድብ ግጥሚያዎች ለጀማሪ ይጠቅማሉ፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ነውና።

አፍሪካውያን በዚህ ስፖርት ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ብር፣ ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡባክሪ በ2016 በሪዮ ነሐስ፣ ግብፃዊው ሞሐመድ ኤልሰይድ ደግሞ በ2024 በፓሪስ ነሐስ አግኝተዋል። ከሩጫ ውጪ ኢትዮጵያዊ አይችልም የሚለውም አባባል ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ሲሰለፍ መሠረቱ ተነቃንቋል።

የወለጋ ከተሞች ወጣት ዛሬ ከውጭው ዓለም የሚያየው ስፖርት በአመዛኙ በዲኤስቲቪ ቤት የሚታየውን የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ባለፉት ዓመታት ከነበረው የጸጥታ ችግር ጋር ተዳምሮ፣ ውድድር ፍለጋ መጓዝን ከባድ አድርጎታል። ስለዚህ ቴኳንዶም ይሁን ጠረጴዛ ቴኒስ የጀመረ ልጅ ከአሠልጣኙ በስተቀር የሚለካበት ሰው አያይም። ሜዳና መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አንድ ስክሪንና ሕጉን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ማዘጋጀት ግን ለወጣት ማዕከላትና ለትምህርት ቤቶች ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። የሥርጭት መብት የሚገኝበት መንገድ ከወዲሁ ካልታሰበበት ግን ማዘጋጀቱ ብቻውን አይበቃም።

ሰዓቱ ምቹ ነው። ዳካር ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለምትቀር፣ እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ ነቀምቴ የሚደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ወሩ የበቆሎ መሰብሰቢያ ቢሆንም በዚያ ሰዓት ልጆቹ ከማሳ ገብተዋል፤ መብራት ካልጠፋ።